የፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) አቀባበልና የጥናት ቡድን፦ የአንድ ሴሚስተር የሥራ ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ጥሪው ከወጣ በኋላ

የዩኒቨርሲቲው የጥሪ ማስታወቂያ ወጣ። እንደ ሁልጊዜው ነው፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት ኦሪጅናልና ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ብርድ ልብስ የሚለውን የትኛውም ግቢ ይጽፈዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን የምር ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ከአፋር በኩል የሚመጣ ልጅ ሸዋ ሮቢት ላይ ላቡን ሲጠርግ ይቆይና ጣርማ በርን ሲወጣ መስኮት ዝጉልኝ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን ቴሌግራም ላይ አንድ መልእክት መልቀቅ ሆነ፦ «ጃኬት ያዙ። ወፍራም ካልሲ ያዙ። የቀረውን እዚህ ታገኛላችሁ።»

እኔ ለአንደኛ ዓመት ሒሳብ አስተምራለሁ። ከሁለተኛና ከሦስተኛ ዓመት ፈቃደኛ ሲኒየሮች ጋር ሆነን ሁለት ነገር ልንሞክር ነው። አንዱ አዲስ ገቢዎችን ግቢውን ማስለመድ ነው። ሌላው ተማሪ ከተማሪ ጋር የሚያጠናበት ቡድን ነው። ገንዘቡ መምህራን ያዋጣነው 9,000 ብር ነው። ክፍል በነፃ ተፈቅዶልናል። ጠመኔ አለ። ከዚህ ውጭ ምንም የለም።

የ12 ገጽ መመሪያ አዘጋጀን። ደንቡ፣ የውጤት አሰጣጡ፣ ጊዜን እንዴት መጠቀም እንደሚገባ፣ የቢሮዎች ዝርዝር፣ ሁሉም አለበት። ፎቶ ኮፒ በገጽ 3 ብር፣ 200 ቅጂ፣ 7,200 ብር። ከእጃችን የቀረው 1,800 ብር። ሲኒየሮቹ ደስ አላቸው፤ ሽፋኑ ያምራል።

የመግቢያው ሳምንት

መናኸሪያ ላይ መቀበሉን አልነካነውም። የተማሪዎች ኅብረቱና የየሃይማኖቱ ማኅበራት በደንብ ይሠሩታል። ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ዶርም ድረስ ያደርሳሉ። እኛ እዚያ ብንጨመር ግርግር ነው።

የእኛ ድርሻ አዳራሽ ውስጥ ግማሽ ቀን ነበር። አልሠራም። የተከራየነው ስፒከር ሲጮህ ሲያቋርጥ ዋለ። ተናጋሪ በተናጋሪ ላይ ተደረበ። ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ ያሳለፈ ልጅ ስለ አካዳሚክ ሥነ ምግባር ቢነገረው ምን ይሰማል? ከኋላ ያሉት ተኙ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እተኛ ነበር።

መጨረሻ ላይ ጥያቄ ካለ አልን። የመጣው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ካፌ እራት ስንት ሰዓት ይዘጋል? ውኃ የማይጠፋው የትኛው ብሎክ ነው? ኖን ካፌ ለመሆን (በካፌው ምግብ ፈንታ ገንዘቡን ለመቀበል) የት ነው የሚመዘገቡት? ስልክ የት ይቻርጃል? ከመመሪያው 12 ገጽ ውስጥ ከእነዚህ የአንዱም መልስ አልነበረም።

በሳምንቱ መጨረሻ ከግቢው በር ፊት ለፊት ቆሎ የሚሸጡት እናት በገጽ 7 ጠቅልለው ሰጡኝ። ገጽ 7 ስለ ጊዜ አጠቃቀም ነበር። «ወረቀቱ ጠንካራ ነው ልጄ፣ ልጆቹ ናቸው ያመጡልኝ» አሉኝ። 7,200 ብር እንግዲህ ለእሳቸው ጠቅሟል።

ማስተካከያ አንድ

የ12 ገጹ መመሪያ ቀረ። በምትኩ አንድ ገጽ ተጻፈ፤ በየዶርሙ በር ጀርባ ተለጠፈ። 120 ክፍል በ3 ብር፣ 360 ብር። ፕላስተሩ 150 ብር። ፕሮክተሮቹን (የዶርም ተቆጣጣሪዎቹን) ማስፈቀድ ግድ ነው። የሴቶቹ ዶርም ፕሮክተር «ቀለሙ እንዳይላጥ ታዲያ» ብለው ራሳቸው እየዞሩ አሳዩን።

ገጹ ላይ ያለው የካፌ ሰዓት፣ ክሊኒኩ የት እንደሆነ፣ ሬጅስትራር የትኛው መስኮት ለምን እንደሆነ፣ የአድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመተዊያ) የመጨረሻ ቀን፣ መታወቂያ ሲጠፋ የሚደረገው፣ የሦስት ሲኒየር ስልክ ነው። በቃ። «ጠንክራችሁ አጥኑ» የሚል መስመር ሊጨመር ነበር፤ አወጣሁት። የሚያውቀውን ነገር በር ላይ መለጠፍ ወረቀት ማባከን ነው።

የአዳራሹ ነገር ደግሞ በእግር ጉዞ ተተካ። ስድስት ፍሬሽ ከአንድ ሲኒየር ጋር ይወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ጉዳይ ፈጽሞ ይመለሳል። ላይብረሪ ገብቶ አንድ መጽሐፍ በስሙ አስመዝግቦ መውጣት፣ ክሊኒክ ካርድ ማውጣት፣ የሰኞ ክፍሉን ብሎክና ቁጥር ሄዶ ማየት። የላይብረሪው ነገር ቀላል ይመስላል። ግን ከመጡት መካከል መጽሐፍ ተውሰው የማያውቁ ብዙ ነበሩ። በሄዱበት ትምህርት ቤት ላይብረሪው ወይ ቁልፍ ነው፣ ወይ የለም። ሲኒየሩ አጠገቡ ቆሞ ልጁ ራሱ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው ዘዴው። ሲኒየሩ ከጠየቀለት ልጁ ሁለተኛ ብቻውን አይመጣም።

አስጎብኚ ሲያንሰን እዚሁ ሬሜዲያል (የመግቢያ ውጤት ያልሞላላቸው የሚወስዱትን የማካካሻ ትምህርት) ተምረው ያለፉ ልጆችን ጠየቅን። ይህ ሳናስበው የመጣ ጥሩ ነገር ነው። ሬሜዲያል በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ከዚያ በፊት በነበረው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ነበር። ያም ሆኖ በሬሜዲያል የገባ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። እዚህ ላይ ግን ከሌላው ፍሬሽ ሁሉ ቀድሞ ግቢውን የሚያውቀው እሱ ሆነ። የቱ ምግብ ቤት ዱቤ እንደሚሰጥ ሳይቀር ያውቃል። በቀጥታ ወደ ሥራ አስገባናቸው።

ሁለተኛ ሳምንት፣ የጥናት ቡድን

ዝርዝሩን በመግቢያ ውጤት ደረደርን። ከላይ ያለው አንድ፣ ከታች ያሉት አምስት። ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። የመጀመሪያው ቀን አንዱ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ይሄ አንድ ለአምስት ነው አይደል? ፎርሙን ስጡንና ፈርመን እንሂድ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ልክ ነው። ይህ ትውልድ አንድ ለአምስትን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያውቀዋል። ስም ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ሪፖርት ይሄዳል፣ ማንም አያጠናም። ከዚያ በላይ ደግሞ ከጥናት ሌላ ሥራም ነበረው፤ ሰው ስለሚጠረጥረው አይፈረድበትም። እኛ ያንኑ ቅርጽ ይዘን መጥተን የተለየ ውጤት ጠበቅን። ፎርሙ ተቀደደ። አቴንዳንስ አይያዝም፣ ለማንም ሪፖርት አይደረግም፣ የፈለገ ይመጣል።

ግን የፈለገ ይመጣል ማለት ብቻውን ቡድን አይሆንም። ሌላ ቦታ እንዴት እንደሚሠሩት ሳነብ ሰፕልመንታል ኢንስትራክሽን የሚባለውን አገኘሁ። በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚዙሪ-ካንሳስ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዲያና ማርቲን የጀመረችው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ደካማ ተማሪ ተብሎ ሰው አይለይም፤ የሚለየው ከባዱ ኮርስ ነው። ኮርሱን የወሰደ ሲኒየር ሌክቸሩን ከፍሬሾቹ ጋር እንደገና ይከታተላል። ከዚያ በሳምንት የታወቀ ሰዓት ላይ አብረው ይሠራሉ። ማንም «ደካማ ስለሆንክ ና» አይባልም፤ «ሒሳብ ስለወሰድክ ና» ነው። ያ ልጅ ፎርም ሲጠይቀኝ የከበደውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ከመጨረሻዎቹ አምስት አንዱ ተብሎ መመደብ ያሳፍራል።

ነገሩ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በቤተ ክህነቱ የቆሎ ትምህርት ቤት ትልቁ ተማሪ ትንሹን ያስጠናል፤ መምህሩ ሁሉንም አይነካም። ከአንኮበር እስከ መንዝ ያሉ አድባራት ይህን ሲያደርጉ ዘመናት ሆኗቸዋል።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ማን ይምራ?

ለሒሳቡ የመረጥነው አራት ነጥብ (ሁሉም ኤ) ያለውን ልጅ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጥርት አድርጎ አስተማረ። ፍሬሾቹ ጻፉ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። በማግስቱ ያንኑ ጥያቄ ክፍል ውስጥ ስጠይቅ ማንም አልሠራውም። የእኔን ሌክቸር በሌላ ድምፅ ደግመው ሰምተው ነበር ማለት ነው።

ሕግ ወጣ፦ ሲኒየር ጠመኔ አይነካም። ጠመኔው የፍሬሽ ነው። ሲኒየሩ ከኋላ ይቀመጣል፣ ይጠይቃል፣ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ነው የከበዳቸው። ሁለተኛ መሪ አድርገን የወሰድናት ልጅ ይህንኑ ኮርስ በሲ ፕላስ ያለፈች ናት። የት እንደሚደናቀፍ ከአራት ነጥቡ ልጅ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ እዚያው ቦታ ወድቃ ተነስታለችና።

የሠራው ቀን ይህን ይመስላል። የኮርሱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ፕሮፖዚሽናል ሎጂክ ነው። «ፒ ከሆነ ኪው» የሚለው ላይ ሁሉም ይቆማል። ትሩዝ ቴብሉ (የእውነትና ሐሰት ሠንጠረዡ) ላይ ሐሰት የሚሆነው ፒ እውነት ሆኖ ኪው ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው። ፒ ሐሰት ከሆነ ግን ኪው ምንም ይሁን ምን ጠቅላላው እውነት ይሆናል። ልጆቹ ይህን ይሸመድዱታል እንጂ አያምኑትም። ልጅቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ አጻፈች፦ «ከበረደ ጋቢ እለብሳለሁ።» ከዚያ ጠየቀች፤ «እኔን ውሸታም የምትሉኝ መቼ ነው?»

አንዱ «ሳይበርድ ከለበስሽ» አለ። ሌላው ወዲያው «ሳይበርድ ምን አደርጋለሁ አለች እንዴ?» ብሎ ተቃወመው። ክርክሩ ቀለጠ። ሲኒየሯ አልገባችበትም። በመጨረሻ ከጥግ ያለው የጋምቤላ ልጅ ተነስቶ አራቱንም መስመር ጻፈ፦ በረደ ለበሰች፣ እውነት። በረደ አልለበሰችም፣ ውሸት። አልበረደም ለበሰች፣ ቃሏን አላፈረሰችም። አልበረደም አልለበሰችም፣ ቃሏን አላፈረሰችም። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሮ «ግን እዚህ አገር የማይበርደው መቼ ነው?» አለ። ይህንን መስመር ከዚያ በኋላ የረሳ አላጋጠመኝም።

አራተኛ ሳምንት፣ ቋንቋና ሰዓት

የጋምቤላው ልጅ አማርኛ ይችላል። ሁሉም ግን አይችልም። ከሶማሌ ክልልና ከኦሮሚያ የመጡ ብዙ ልጆች ሁለት ጊዜ መጥተው ቀሩ። ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም፤ አንድ ቀን ከኋላ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ ግን ገባኝ። ሲኒየሮቹ ሲሞቃቸው ጭራሽ ወደ ሰፈር አማርኛ ይገባሉ። ጨዋታው ያማረ ነው፣ ሦስት ልጅ ግን ግድግዳ እያየ ነው።

መጀመሪያ «እንግሊዝኛ ብቻ» አልን። ክፍሉ ፀጥ አለ፤ አማርኛ የሚችሉትም ዝም አሉ። ይህ ከሁሉ የባሰ ሆነ። ቀጥሎ የሞከርነው እስካሁን ይዟል፦ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው እንግሊዝኛ ነው፣ አፍ ነፃ ነው። በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአማርኛም ይከራከሩ። ግን የደረሱበትን እየጻፉ። ፈተናውም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነውና መጻፉን መልመዳቸው ይጠቅማል። አፋን ኦሮሞ የሚችል አንድ ሲኒየርም ጨመርን።

ሰዓቱ ሌላ ራስ ምታት ነበር። ማታ 2 ሰዓት ሞከርን፤ ክፍሉ በረዶ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ዓርብ ከሰዓት ጁምዓ አለ። ቅዳሜ ልብስ አጠባ ነው፤ ውኃ ያለው ያን ቀን ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ አለ። ረቡዕ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ረጋን። 11 ሰዓት ካፌ ሲከፈት ይለቀቃሉ። ከዚያ በላይ አንድ ደቂቃ ካስቆየሃቸው ሐሳባቸው ሰልፉ ላይ ነው።

ዳቦና ሻይ ለሁለት ሳምንት አቀረብን። ወጪው ከጠመኔውም ከወረቀቱም በለጠ፤ የቀረን ብር አለቀና እንደገና አዋጣን። ዳቦው ሲቆም መምጣት ያቆሙት ጥቂት ናቸው። ሻዩ ግን ቀጠለ፤ በዚህ ብርድ ሻይ ወጪ አይባልም።

አምስተኛና ስድስተኛ ሳምንት

ሴቶቹ ቁጥራቸው እየሳሳ ነው። የረቡዑ ክፍል ከዶርማቸው ሩቅ ነው፣ መሪዎቹም አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። የሴቶች ዶርም ቲቪ ክፍል ውስጥ ሌላ ቡድን ተከፈተ፤ ሲ ፕላሷ ልጅ መራችው። ድራማ በሌለበት ሰዓት መሆን ነበረበት፤ ይህን ያስታወሱን ፕሮክተሯ ናቸው። ወዲያው ሞላ።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ሲቃረብ ልጆቹ እርስ በርስ መደባበቅ ጀመሩ። አንዱ ጥሩ ወርክሺት አግኝቶ ከዶርም ጓደኛው ደብቆ ትራሱ ሥር ይዞ ተገኘ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ልጁ ሞኝ አይደለም። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ ልጆቹ የሚገቡት ዲፓርትመንት ሳይዙ ነው። ዲፓርትመንት የሚደርሳቸው በዋናነት በግቢ ውጤታቸው ነው። ሜዲስንና ሶፍትዌር የሚፈልገው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት። ጓደኛህን ስትረዳ ተወዳዳሪህን እየረዳህ ነው። «ተረዳዱ» የሚል ምክር ይህን አይለውጠውም።

ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ሰብስበን ለሁሉም በአንድ ቀን ቴሌግራም ላይ ለቀቅን። ሁሉም የያዘው ነገር መደበቂያ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ የሚያስረዳው ሰው ሲኒየር መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመ፤ እሱ ቦታውን ይዟል፣ ከማንም ጋር አይሻማም። ፍሬሽ ከፍሬሽ ሲሠራ ደግሞ መጀመሪያ ሁሉም ለየብቻው ሞክሮ ይምጣ አልን። ባዶ እጁን የመጣ አይገባም። የተሳሳተ ሙከራ ይቻላል፣ ባዶ ወረቀት አይቻልም። አንዱ ሁልጊዜ ሰጪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ሲሆን ነው ቅሬታ የሚመጣው። የተሳሳተ ወረቀትም ለክርክር ይሆናል።

ጉዳቱም አለ። ያለፈው ፈተና ከወጣ በኋላ ረቡዕ የሚመጣው ግማሹ «የትኛው ይመጣል?» ብቻ የሚል ሆነ። ይህን እስካሁን አልፈታሁትም።

ከሚድ በኋላ

አንድ ከሰዓት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ማስላት ሠራን። ፌዝ ይመስላል፤ ከሁሉ በላይ የተጨናነቀው ክፍል ግን ይህ ነበር። የሐሰት ግሬድ ሪፖርት ሰጠናቸው። ኤ 4 ነጥብ፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1፣ በክሬዲት አባዛ፣ ደምር፣ ለጠቅላላው ክሬዲት አካፍል። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ሲ ማለት 6 ነጥብ ነው፣ ቢ ማለት 9። ለመመረቅ ከ2.00 በታች መሆን አይቻልም። ብዙዎቹ ሚድ ላይ ወድቀው ነገር ዓለሙ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ሻንጣ ማሰር የጀመረ ልጅ ነበር። ሲያሰላው አንድ ዲ ቢያመጣ እንኳ ሌሎቹን ቢ ቢያደርግ የት እንደሚደርስ በራሱ እጅ አየ። ሻንጣው ተፈታ። ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሆን ማንም አይሰማም ነበር፤ በመመሪያው ገጽ 5 ላይ ተጽፎ ነበር እኮ።

ከዚህ ወዲህ የማስለመዱን ሥራ በሴሚስተሩ ሳምንታት ላይ በትነነዋል። የአድና ድሮፕ ነገር የሚነገረው ቀኑ ሊያልፍ ሳምንት ሲቀረው ነው። ስለ ዲፓርትመንት ምርጫ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል፣ ከየዲፓርትመንቱ አንድ ሲኒየር እየመጣ የሚማረውንና የሚሰለቸውን ይናገራል። አካውንቲንግ የሚማረው ልጅ ስለ ሥራ ፍለጋ በግልጽ ሲያወራ አንድም ሰው ስልኩን አልነካም።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ

ውጤት ወጣ። ረቡዕ ይመጡ የነበሩት ከማይመጡት የተሻለ አምጥተዋል። ይህን ግን እንደ ማስረጃ አላቀርበውም። ረቡዕ 9 ሰዓት ተኩል ላይ በዚያ ብርድ የሚመጣ ልጅ ድሮም የሚያጠና ሊሆን ይችላል። በተሻለ የማምነው ሌላ ነገር ነው፦ ያለ እኛ በራሳቸው ባዶ ክፍል ፈልገው የሚሠሩ ቡድኖች አሉ፤ ጠመኔ ይለምኑኛል።

ለሁለተኛው ሴሚስተር የሚቀየረው፦ አዳራሽ የለም፣ የ12 ገጽ መመሪያ የለም። የበር ገጹ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛም ይታተማል፤ ትርጉሙን የሚያዩ ልጆች ተገኝተዋል። የሚመረጠው ኮርስ ፊዚክስ ይሁን ወይስ ፕሮግራሚንግ ገና ነው። ፕሮግራሚንግ ከሆነ ኮምፒውተር ያለበት ላብ ያስፈልጋል፣ ለላቡ ደግሞ ቁልፍ የሚይዝ ሰው። አራት ነጥቡ ልጅ ዝም ማለት ለምዷል፤ ይቀጥላል። ሲ ፕላሷ ልጅ አፓረንት (የተግባር ልምምድ) ልትወጣ ነው፣ ምትኳን ከዘንድሮ ፍሬሾች መካከል ራሷ እንድትመርጥ ነግሬያታለሁ። ሁለት ፓኮ ጠመኔና 240 ብር በእጅ አለ። ስኳር አልቋል።